የሮም ሽማግሌዎችና የወንድሜ ጉንጭ

ከሮም ከተመለስኩ ጥቂት ሳምንታት ሆኖኛል። ጀሞ ያሉ የሠፈሬ ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር «እሺ፣ ምን አየህ?» ይሉኛል። ስለ ፏፏቴዎቹ፣ ስለ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለዚያ ግማሹ ስለ ፈረሰው የድንጋይ ስታዲየም እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ያየሁት ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ነው። ይህን ስላቸው ይስቁብኝና ይሄዳሉ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ ልጻፈው። እዚያ የያዘኝ ድንጋጤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

ሥራዬ የመቃብር ሐውልት መሥራት ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በቆርቆሮ የታጠረች ወርክሾፕ አለችኝ። እብነ በረድ እቆርጣለሁ፣ ስም እጽፋለሁ፣ ቤተሰቡ ከፈለገ ደግሞ የሟቹን ፊት ከደረት በላይ እቀርጻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ወልዴ ሲሞት የእሱን ሐውልት ማን ይሥራው የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ወራት ለፋሁበት። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ በሰም ወልውዬ፣ መስታወት አስመሰልኩት። ከዚያ ባለቤቱን እትዬ ዘነበችን ከጎፋ ይዣት መጣሁ። ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረችና «ይሄ ማነው?» አለችኝ።

«ጋሼ ነዋ፣ እትዬ።»

«ይሄ ባሌ አይደለም። የማላውቀውን ሰው ባሌ ላይ አላቆምም።»

ሙት ዓመቱ ሊደርስ የቀረው ሁለት ወር ነበር። እስከዚያ ካልተስተካከለ መስቀል ብቻ እንደምታቆምለት ነገረችኝና ታክሲ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሌላ ድንጋይ አምጥቶ ከሥር ለመጀመር ጊዜ አልነበረም።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ጋሼ በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት ፊቱ በጠባሳ የተበሳሳ ነበር። እኔ የሠራሁት ግን ፎቶ ቤት ካነሳው ፎቶ ነው፤ ፎቶ ቤቱ ደግሞ እንደ ልማዱ «ኤዲት» አድርጎ ጠባሳውን ጠርጎ አጥፍቶታል። ደንበኞቼም ሁሌ የሚሉኝ «አሳምረው» ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ሆንኩ።

የጋሼ ትልቋ ልጅ ትርሲት ሮም ውስጥ አልዶ የሚባል ሽማግሌ ትንከባከባለች። አልዶ በጉልበቱ ዘመን የተሰበሩ ጥንታዊ ሐውልቶችን ሲጠግን የኖረ ድንጋይ ጠራቢ ነው። የእናቷንና የእኔን ነገር ስታጫውተው «ይምጣና ያሳየኝ» አላት። የግብዣ ደብዳቤዬንም ፈረመልኝ። እንዲህ ነው የሄድኩት።

ማክሰኞ

የጀሞን መንገድ ስለማላምነው ከቤት የወጣሁት በጠዋቱ ነው፤ አውሮፕላኑ የሚነሳው ማምሻውን። ባለቤቴ «እዚያው ልታድር ነው እንዴ?» እያለች ሸኘችኝ። የዚያን ቀን መንገዱ ጭር ብሎ ቦሌ በአንድ ጊዜ ደረስኩና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎለትኩ።

በኋላ ፍተሻው ላይ የእጅ ቦርሳዬን ማሽኑ ውስጥ ሲያስገቡት አንዷ ፈታሽ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችና ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መሮ።»

«መሮ ይዞ ማን ይሳፈራል?»

«ድንጋይ ጠራቢ» አልኳት። ሳቀች፤ መሮውን ግን አልመለሰችልኝም። መርፌውን እንደ ተቀማ ሐኪም ባዶ እጄን ልሄድ ነው ብዬ ተናደድኩ። ለስጦታ የያዝኩትን በርበሬ በትልቁ ሻንጣ አስገብቼው ስለነበር እሱስ በሰላም ገባ።

ረቡዕ

ጠዋት ደረስን። ትርሲት ሳታቋርጥ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። አባቷን ከቀበርን ወዲህ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው።

የመንገዱ ኮብልስቶን አስገረመኝ፤ ከእኛ የጀሞ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ጋር አንድ ነው፤ የእነሱ ግን ከመረገጥ ብዛት እንደ ሳሙና ሟሙቷል። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለው፤ ቁም ሣጥን የምታክል። የእኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። ሆኖም እዚያች ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ከመቆም ደረጃውን መውጣት መረጥኩ።

አልዶ ዊልቸር ላይ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጆቹ የሚንቀጠቀጡ። እጄን ያዘና መዳፌን ገልብጦ ጥፍሮቼን፣ የነጣውን ቆዳ፣ የድሮ ቁስሎቼን አየ። ከዚያ የራሱን መዳፍ ገልብጦ አሳየኝ። አንድ ዓይነት እጅ ነው። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ምሳ ፓስታ ነበር። እኔ እንደ አገሬ በቢላ ቆራርጬ በማንኪያ ጀመርኩ። አልዶ በግ ሲታረድ እንዳየ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። አይብ ሊነሰንስልኝ ሲል ደግሞ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው ብዬ በእጄ ከለከልኩት። ትርሲት ስትተረጉምለት ሽማግሌው ዊልቸሩን አዙሮ ሊሄድ ምንም አልቀረው፤ ግን ብቻዬን እንዳልጾም ብሎ የራሱንም ያለ አይብ በላው።

ከምሳ በኋላ የሐውልቱን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ቀረብ ራቅ እያደረገ አየና ራሱን ነቅንቆ «ሉስትሮ» አለ። ደግሞ ወደ እኔ እያየ «ሉስትሮ፣ ሉስትሮ» አለ።

ደሜ ፈላ። ከጉራጌ አገር ጋሼ አምጥቶኝ አዲስ አበባ እንደገባሁ ጎፋ ላይ ለሦስት ዓመት ሊስትሮ ነበርኩ። ጫማ መጥረጌን አላፍርበትም። ግን በሰው ቤት፣ በመጀመሪያ ቀኔ፣ ሥራዬን እያየ እንዲህ ይለኛል? ትርሲትን «ማን ነገረው?» አልኳትና ከገበታው ተነስቼ መኝታ ቤት ገባሁ።

ትንሽ ቆይታ ብርቱካን ይዛ መጣች። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከንፈሯን ነክሳለች።

«ጋሼ፣ ሉስትሮ እኮ በእነሱ ቋንቋ የሚያብረቀርቅ ማለት ነው። የእኛም ሊስትሮ የመጣው ከእሱው ነው። አልዶ ስለ አንተ ምንም አያውቅም። ያለው፣ ፊቱን በጣም ወልውለኸዋል ነው።»

«እንደ ጫማ?»

«አዎ» አለች፤ ሳቋ አመለጣት። «እንደ ጫማ።»

ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የወንድሜን ፊት የሠራሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ በተማርኩት እጅ ነው ለካ። ብርቱካኑን ሳልቀምሰው ግድግዳ እያየሁ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ

አልዶን በዊልቸር እየገፋን ሙዚየም ሄድን። በር ላይ ያለችው ጠባቂ ሴት አውቃው ሁለቱንም ጉንጩን ሳመችው።

የፊት ቅርጾቹ ወዳሉበት አዳራሽ ስገባ እግሬ ቆመ። ለቅሶ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ያዩኛል። አንዱ ሽማግሌ ጥርስ ስለሌለው ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንዲት ሴትዮ አገጯ ሥር ያለው ቆዳ ተንጠልጥሏል። አንዱ አፍንጫው ጎን ኪንታሮት አለው፤ ቀራጩ ኪንታሮቱን ማለፍ ሲችል ከሌላው አካል አብልጦ ተጠቦበታል። ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ አንድ ጸጉረ ከርዳዳ ወጣት ደግሞ የጀሞ ታክሲ ረዳት ቁርጥ ነው፤ «የሞላ» ሊል አፉን ሊከፍት የደረሰ ይመስላል።

እኛ ጋ እንዲህ ሠርቼ ባስረክብ ቤተሰቡ ፖሊስ ይዞ ነው የሚመጣብኝ። «ይሄን ያዘዘው ማነው?» አልኩ፤ ጠላት ያሠራባቸው መስሎኝ።

«ራሳቸው ናቸው» አለ አልዶ በትርሲት አፍ። «ወይም ልጆቻቸው። መሸብሸብ ለእነሱ ክብር ነበር፤ ሰውየው ምን ያህል እንደ ሠራና እንዳሰበ የሚታይበት።»

ሽበትን የምናከብር እኛ ነን እል ነበር። ታዲያ ከድንጋይ ላይ ስንፍቀው የምንውለው ለምንድን ነው?

ከዚያ ከፊቱ ይልቅ ላዩን ማየት ጀመርኩ፤ የባሰው ድንጋጤ የመጣው እዚያ ነው። ጸጉሩ በመሮ እንደ ተጫረ ቀርቷል፣ ሻካራ ነው። ልብሱ በሌላ መሮ ነው፣ የክር መስመር ይመስላል። የዓይኑ ብሌን በድሪል ተቦርቡሮ ጥላ ተቀምጦበታል። ቆዳው ግን አይሻክርም፣ አያበራምም። ብርሃኑ ያርፍበታል እንጂ አያንሸራትተውም። አንዱ ወታደር መሳይ ሰው ጉንጩ ላይ ከጤፍ ያነሱ ጭረቶች አሉት፤ ጢሙ ገና የበቀለ ነው። እኔ ከራስ ጸጉር እስከ ደረት አንድ ዓይነት ለስላሳ ነው የማደርገው። ሁሉም ለስላሳ ሲሆን ሥጋው የቱ፣ ጨርቁ የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ እንጀራ በልቻለሁ፤ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም።

እኛ ድንጋይ ስንመርጥ አውራ ጣታችንን በምራቅ እናረጥብና እናሸዋለን፤ የረጠበው ቦታ ድንጋዩ ተወልውሎ ሲያልቅ የሚኖረውን መልክ ያሳያል። እጄ እኔን ሳያማክር ሄደ። ጥርስ የሌለውን ሽማግሌ ጉንጩን በምራቄ አሸሁት።

አንድ ነገር ጮኸ። ጠባቂዋም ጮኸች። የጎብኚው ሁሉ አንገት ወደ እኔ ዞረ። ሰው የገደልኩ ነው የመሰለኝ። ትርሲት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ የማውቀው ይቅርታ አንድ ነው፤ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ወገቤ እስኪታጠፍ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ሴትየዋ መጮህ አቁማ ግራ ተጋብታ ታየኛለች። አልዶ ደግሞ እስኪያስለው ድረስ ይስቃል። ለካስ እሱም በወጣትነቱ ይህንኑ አድርጎ መምህሩ በጥፊ አጩሎታል።

ጠባቂዋ አንድ ባለሙያ ጠራች፤ እሱም ጉንጩን መርምሮ በለስላሳ ጨርቅ ጠረገውና ምንም እንዳልሆነ ተናገረ። ከዚያ ሴትየዋ አንድ ሌላ ነገር ላሳይህ አለችኝ፤ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ኋላ እንዳደርግ ምልክት ሰጥታ። እንደ እስረኛ ተከተልኳት።

ያሳየችኝ የአንድ ወፍራም ሰው ራስ ነው። ከፊት ሲያዩት የተለየ ምንም የለውም። ዞር ብዬ ከኋላው ሳየው ግን ማጅራቱ ላይ ያለው የጸጉር አሠራር የእሱ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። ቀድሞ የአንድ ገዥ ፊት ነበረ፤ ገዥው ሲወድቅ ድንጋዩን ሳይጥሉ እዚያው ላይ አዲሱን ቀረጹት አለችኝ። እኛ ጋ የሰውን ሐውልት ለሌላ ማድረግ ነውር ነው፤ ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ። ቀጥሎ ግን አልዶ አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ድንጋይ ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር አይቻልም። ጠባሳ ደግሞ መቀነስ ነው። እዚያ ወርክሾፕ የተውኩት የሚያብረቀርቅ ሰውዬ ውስጥ ወንድሜ አሁንም አለ ማለት ነው፤ ሌላ ድንጋይ አያስፈልገኝም።

ዓርብ

አልዶ ምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫ አለው። ወሰደኝና ከአንድ ሣጥን ውስጥ የእብነ በረድ ስባሪና መሮዎች አወጣን። መሮዎቹ ዘይት ተቀብተው በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ከተነኩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጀምር ስል እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«በየትኛው ጉንጩ ነበር ጠባሳው የሚበዛው?»

መሮውን መልሼ ጨርቁ ላይ አኖርኩት።

ቀኙን አሰብኩ፣ ግራውን አሰብኩ። ወንድሜ ከእኔ ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ኖሯል። አብረን በልተናል፣ ድሮኛል፣ ስታመም አስታሞኛል። የጠባሳውን ቦታ ግን አላውቀውም። እኛ ስናድግ ታላቅ ሲናገር ዓይን ዓይኑን አይታይም፤ አንገት ይደፋል። በዚያ ላይ ጠባሳውን ያየሁበት እንዳይመስለው ይሉኝታ ነበረብኝ። እንዳከበርኩት ነበር የማስበው። ያን ቀን ምድር ቤት ውስጥ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ወንድሜን እንዳላየሁት ገባኝ። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ትርሲትን አየኋት። «እኔም አላውቅም፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «አባቴ ነው፤ አላውቅም።»

ጎፋ ደወልን። ትርሲት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«እትዬ፣ የጋሼ ጠባሳ በየትኛው ጉንጩ ነበር የሚበዛው?»

ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አብረኸው በልተህ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«አላየሁትም፣ እትዬ። ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።»

ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«በግራው ነው። ከዓይኑ ሥር ይጀምርና እየሰፋ ይወርዳል። አፍንጫው አጠገብ ሦስቱ ተያይዘዋል፤ ጣትህን ብታሳርፍባቸው ጣትህን ይይዙታል። ቀኙ ላይ ጥቂት ናቸው። ግንባሩ ላይ የለም። ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ጥልቅ አለ፤ ሲስቅ ይጠፋል።» ትንሽ ተነፈሰች። «ይኸው ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን ለራሴ ልተወው» አለችና ዘጋችው።

አልዶ ቋንቋውን ሳይሰማ ሁሉንም የሰማ ይመስላል። የሚንቀጠቀጠውን ጣቱን አንስቶ በገዛ ግራ ጉንጩ ላይ፣ ከዓይኑ ሥር ወደ ታች፣ አሳየኝ። ትርሲት ነገረችው፤ ትክክል ነው አለችው።

ቅዳሜ እና እሑድ

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስባሪው ላይ ጉንጭ ስሠራ ዋልኩ። የምናውቀውን ብርጭቆ ወረቀት ልጠይቅ ስል አልዶ ከልክሎኝ ወደ መጨረሻው ማለስለሻ ሳልደርስ አስቆመኝ። መቆም ከመሥራት ይከብዳል። እጄ እንዲያበራ ይፈልጋል፤ አሥር ጊዜ ከመንገድ መለስኩት። ሦስት ጉንጭ አበላሸሁ፤ በአራተኛው ላይ ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ዳሰሰውና «ሰው» አለ። ያቺን አንዲት ቃል በአማርኛ ከትርሲት ተምሮ ይዟት ኖሯል።

እሑድ ሊሸኙኝ ሲሉ አንዱን ሹል መሮ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አልቀበልም አልኩ፤ እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ። እሱ ደንባችንን ስለማያውቅ በሁለተኛው ተናዶ ጭኔ ላይ ወረወረልኝ። በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። በርበሬውን ለእሱ ትቼ ነበር፤ ትርሲት እንደ ነገረችኝ አሁን ፓስታው ላይ ይነሰንሳል፤ ሐኪሙ ግን አያውቅም።

ከተመለስኩ በኋላ

ሰኞ ጠዋት ከቦሌ በቀጥታ ሀይሌ ጋርመንት ወረድኩ፤ ቤቴ ሳልገባ። የሸራውን ሽፋን ገፍፌ ሐውልቱን አየሁት። እትዬ እውነቷን ነው። ማንም አልነበረም።

መጀመሪያ አንጸባራቂውን ገፈፍኩት። ከዚያ ግራ ጉንጩ ላይ የመጀመሪያውን ጠባሳ ለመምታት መሮውን ሳሳርፍ ወንድሜን የማሳምመው መሰለኝ፤ ይቅርታ ጠይቄው መታሁ። ከዓይኑ ሥር ጀመርኩ፣ እያሰፋሁ ወረድኩ፣ ሦስቱን አያያዝኳቸው። ጸጉሩን ሻካራ አድርጌ ተውኩት። የኮቱን አንገት በሌላ መሮ ጫርኩት። አንድ ጠዋት መሮው ከእጄ አምልጦ ቅንድቡን ትንሽ ሸረፈው፤ ግማሽ ቀን ድንጋዩን መንካት አቃተኝ። የሠራሁበትን ፎቶ ከግድግዳው ላይ ያወረድኩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ዓይኔን እየጨፈንኩ ነው። የሚገርመው፣ ፎቶው ከፊቴ ሲወርድ ሳላውቀው ያየሁት ነገር ሁሉ መምጣት ጀመረ፤ የቀኝ ትከሻው ዘቅዘቅ ማለቱ፣ ለመናገር ሲል ከንፈሩን ማርጠቡ። አገጩ ላይም ማንም ያላዘዘኝን ሠራሁ፤ በሹሉ መሮ ጫፍ ጥቃቅን፣ ጥቃቅን ጭረቶች፣ ለሁለት ቀን።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እትዬ ዘነበች መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ማሽኑን አጥፍቼ ከመንገዷ ዞር አልኩላት። ዙሪያውን አልዞረችም፤ በቀጥታ ወደ ፊቱ ሄደች። በነጠላዋ ጫፍ ትከሻው ላይ ያለውን አቧራ ጠረገችለት። እጇን ግራ ጉንጩ ላይ አሳርፋ አፍንጫው አጠገብ ትንሽ ቆየች፤ ጣቷን ያዘው። ከዚያ እጇ ወደ አገጩ ወረደና ሻካራው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ዛሬም ሳትላጭ ነው የመጣኸው?» አለችው።